የፈረንጆቹ እናት

ገበያነሽ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ማሳሰብ የጀመረችው ትልቋ ልጇ ገሊላ ትምህርት ያቋረጠች ዕለት ነው። ከመንደራቸው ከጥድ አምባ ወደ ቅርቡ ትምህርት ቤት ለመሄድ ወንዝ መሻገር ግድ ነበር፤ ወንዙ ደግሞ መስከረም ላይ ገና አልጎደለም። አንድ ጠዋት ደራሽ ውኃ ገሊላን ሊወስዳት ሲል እረኞች በነጠላዋ ጎትተው አወጧት። አባቷ ወልደ ጻድቅ “ከእንግዲህ ይብቃት” አለ፤ በቃት። ጥቂት ቆይታም ግሼ ወደሚባል አገር ተዳረች።

ገበያነሽ ግን አልበቃትም። በገብርኤል ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብላ “ለሞታችን ዕድር አለን፤ ለልጆቻችን ምን አለን?” አለች። ወንዶቹ ሳቁ። በሚቀጥለው በዓልም ተነሥታ ያንኑ አለች። በሦስተኛው አልሳቁም። ባሏን ስትወተውት ከርማ የግጦሽ ቁራሽ መሬታቸውን አስሰጠች፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እየተመላለሰች በር ጠባቂው እንኳ በስሟ እስኪጠራት ድረስ ደጅ ጠናች፤ የመንደሩን ሴቶች አስተባብራ ድንጋይ አስከመረች። ክምሩን ያየ መንገደኛ “ይሄ የማነው?” ሲል “የገበያነሽ ትምህርት ቤት ነው” ይባል ነበር። ገና ግድግዳም አልነበረው፤ እሷ ግን ይህን ስትሰማ ልቧ ይሞላል።

በመጨረሻ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነገሩን ሰምቶ እሺ አለ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይዘው፣ በገዛ ጉልበታቸው በነፃ የሚሠሩ ስድስት ፈረንጆች በጥር እንደሚመጡ ተነገረ። ገበያነሽ ይህን የሰማች ዕለት ሌሊት አልተኛችም። ቤቷን በእበት ለቀለቀች፤ ከሠርጓ ወዲህ ያልተነጠፈውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናውን አውጥታ ፀሐይ አስመታች። እንግዶቹ የሚያርፉት እሷ ቤት ለመሆኑ ለአፍታም አልተጠራጠረችም።

ያረፉት ግን ጽናት ቤት ነው። ጽናት የወልደ ጻድቅ ታናሽ ወንድም የኪዳነ ሚስት ናት፤ ድምጿ ከእንዝርቷ የማይበልጥ፣ በስብሰባ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትቀመጥ ሴት። የእሷ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው፤ ከጓሮው የተሠራ ሽንት ቤትም አለው። ከቀየት ከተማ የመጣው አስተርጓሚ ታዲዮስ ሁለቱንም ቤት አይቶ “እዚህ ይሻላል” አለና ሻንጣውን ሁሉ እዚያ አስወረደ። ገበያነሽ ደጇ ላይ ቆማ ሻንጣው በመንገዱ ሲያልፍ አየች። ባናውን አጥፋ መልሳ ሰቀለችው።

“ምን ሆንሽ?” አላት ወልደ ጻድቅ።

“ምንም። ቤቴ ሣር መሆኑን ረስቼ ነው።”

ሥራው ተጀመረ። ፈረንጆቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። የእጃቸው ቆዳ ውኃ እየቋጠረ እየፈነዳ፣ ፊታቸው በመንዝ ፀሐይና ውርጭ እየተላጠ ድንጋይ ይሸከማሉ፤ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ሰላም ይላሉ። ከሁሉ ካሪን የምትባለው ረጅም ሴት ሰው ወዳድ ነበረች። ካሪን ጠዋት ከቤት ስትወጣ “ማማ ጽናት!” ትላለች፤ ማታ ስትገባም “ማማ ጽናት!” ነው። ልጆች ከአፏ ተቀብለው አስተጋቡት። ሳምንት ሳይሞላ ጽናት “የፈረንጆቹ እናት” ሆነች። ያቺ ዝምተኛ ሴት ስትሄድ ቀና ማለት ጀመረች። ምንጭ ላይ ሴቶች “ምን ይበላሉ? እውነት በሶ ይወዳሉ? ማታ ምን ያወራሉ?” እያሉ ይከቧታል፤ እሷም ትመልሳለች፤ እነሱም ይስቃሉ። ገበያነሽ እንስራዋን ሞልታ በጎናቸው ስታልፍ ወሬው ለአፍታ ይቋረጣል። ይህ ደግሞ ከወሬው የባሰ ነበር።

“ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ” ትላለች ለራሷ። “እኔ ደጅ ስጠና እሷ የት ነበረች?” ጽናት የት እንደነበረች ግን ታውቃለች፤ ድንጋይ ስትሸከም ነበር፤ ከሁሉም ኋላ፣ ሳትናገር። ይህን ማስታወስ አትፈልግም።

አንድ ቀን ገበያነሽ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር በባሬላ ድንጋይ ተሸክማ ወደ ግንቡ ስትደርስ ካሪን ቆማ አየቻት። ላቧን በእጇ ጠረግ አድርጋ ፈገግ አለችና ታዲዮስን አንድ ነገር ጠየቀችው። ታዲዮስ ዞር ብሎ አያትና በእንግሊዝኛ መለሰ።

“ምን አለችህ?” አለችው ገበያነሽ።

“ጎበዝ ናት፣ ማን ናት አለችኝ።”

“አንተስ ምን አልካት?”

“ከሚያግዙን ሴቶች አንዷ ናት አልኳት።” ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ የነገረውም የለ። ከመጣ ጀምሮ ያወቀው የጽናትን ቤት ብቻ ነው።

ገበያነሽ ባሬላውን እዚያው አስቀመጠች። ጎረቤቷ “ኧረ ወዴት ነው?” ስትል ድንጋዩን ተራምዳ፣ በገዛ የግጦሽ መሬቷ ላይ አቋርጣ ቤቷ ገባች። የሚያግዙን! በራሷ ድግስ ላይ ወጥ ቤት የቆመች ጎረቤት አደረጓት።

በነጋታው አልወጣችም። ለምን እንደቀረች የጠየቋትን ሴቶች “እናት አላቸው፤ እናታቸው ትቅዳላቸው” አለቻቸው። ሴቶቹ ከእሷ ጋር የመጡ ናቸው፤ ከእሷ ጋር ቀሩ። ውኃ የሚያመጡት እነሱ ስለነበሩ ከረፋድ በኋላ ሲሚንቶ የሚቦካበት ጠፋ። ግንበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ወልደ ጻድቅ ከግንቡ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። “የምትቀጪው ጽናትን ነው ወይስ ልጆቹን?”

“ማንንም አልቀጣሁም። አሞኛል።”

“የት ላይ?”

እሱ ሲሄድ ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ ወደ ምንጩ መንገድ አየች። ጽናት ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፤ ከኋላዋ ካሪንና ሁለት ፈረንጆች እንደሷ በገመድ አዝለው፣ ውኃው አንገታቸው ላይ እየፈሰሰ ይንገዳገዳሉ። ገበያነሽ በመጀመሪያ ደስ አላት። ይቅመሱት! ወዲያው ግን አንዱ ተንሸራቶ በቂጡ ቁጭ አለና አራቱም በሳቅ ፈነዱ። ጽናት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳታደርግ፣ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ገበያነሽ ድካማቸውን ስታይ ደስ ያላትን ያህል ሳቃቸው እንደ እሾህ ወጋት። ለካስ ሰው በሌላው መከራም ይቀናል።

ከሰዓት በኋላ አላስቻላትም። የልቧን ልትነግራት ወደ ጽናት ቤት ሄደች። ቤቱ ባዶ ነው፤ በየጥጉ ሻንጣ፣ ቦት ጫማ፣ የታጠበ ካልሲ። “ጽናት!” ስትል ጽናት ከጋጣው መለሰችላት። ገባች። ጽናት በጎቹ በሚያድሩበት በኩል የገለባ መኝታ እያራገፈች ነበር። አንድ ድሪቶና የኪዳነ አሮጌ ጋቢ እዚያው ተጣጥፏል።

“እዚህ ነው የምትተኙት?”

“ታዲያ አልጋችንን ለእንግዳ ሰጥተን የት እንተኛ?” አለች ጽናት። እጇ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል። “ተቀመጪ እትዬ።”

“አልቀመጥም። ለምንድነው አንድ ቀን እንኳ የኔን ስም ያልጠራሽላቸው? መሬቱ የማን ነው? ማን ነው ሲለፋ የኖረው? አንቺ ቆርቆሮ ስላለሽ እናት ሆንሽ?”

ጽናት ገለባውን መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። ዝም እንደምትል ገበያነሽ ጠብቃ ነበር። ጽናት ግን ቀና አለች።

“አልጠራሁልሽም” አለች። “መጥራት እችል ነበር፤ አልጠራሁልሽም። ይኸው ከተዳርኩ ጀምሮ በዚህ አገር ‘የገበያነሽ ባል ወንድም ሚስት’ ነኝ። ድንጋይ ስሸከም ማን አየኝ? አንቺ ስትናገሪ ሁሉም ዝም ይላል፤ እኔ ስናገር ቡችላ እንኳ ዞር አይልም። በአንቺ ስንት ዓመት ቀናሁ መሰለሽ! አሁን አንዲት የሰው አገር ሴት መጀመሪያ የኔን ስም ጠራች። አንድ ጊዜ። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው።”

ገበያነሽ በእኔ የሚቀና ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። “ብርዱ ሊገድልሽ ነው እንጂ” ብላ ብቻ ወጣች። ማታ ያንን ባና በገሊላ ታናሽ በአርሴማ ላከችላት፤ “ለፈረንጆቹ አይደለም፣ ለራሷ በያት” ብላ።

በማግስቱ ውኃ ቀዳች። ሴቶቹም ተከትለዋት ወጡ። ይቅር ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ግንቡ መስኮት ላይ ደርሶ ነበርና ልቧ አልችል ብሎ ነው።

ቆርቆሮው ተመትቶ የምረቃው ቀን መጣ። ቄሱ ባርከው፣ ሪባን በበሩ ላይ ተወጠረ። ካሪን መቀሱን ይዛ “ማማ ጽናት!” ብላ ጠራች። ጽናት ወጥታ መቀሱን ተቀበለች፤ ከዚያም ቆም አለችና በሕዝቡ መሐል ዓይኗን አዟዟረች። ገበያነሽን አገኘቻት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ገበያነሽ እግሯ ወደፊት ሊነሣ ቃጥቶ ነበር፤ አሁን ትጠራኛለች ብላለች። ጽናት ግን ዞረችና ሪባኑን ቆረጠችው።

ጭብጨባው ሲያስተጋባ ገበያነሽ ያ መቀስ በእጇ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን አጣርታ ታውቀዋለች፤ እሷም ትቆርጠው ነበር። ያኔ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከሁሉ ሴት በልጦ እስኪሰማ፣ በግማሽ ደስታ በግማሽ ንዴት።

ፈረንጆቹ ሲሄዱ ጽናት አቅፋቸው አለቀሰች። ገበያነሽ በእንባዋም ቀናች፤ እሷ ለማን ታልቅስ?

የበልጉ ዝናብ በመጣ ጊዜ ጎርፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ መግባት ጀመረና ቦይ ለመቆፈር ደቦ ተጠራ። ገበያነሽ ዶማዋን ይዛ ከላይ በኩል ይቆፈር አለች። እንደ ልማዱ ሁሉም ዶማውን አነሣ።

“አይሆንም” አለ አንድ ድምፅ። “ከላይ ከሆነ ከጎኑ ወደተሠራው የመምህራን ቤት ነው የሚዞረው። በታች በኩል ይሁን።” ጽናት ነበረች። አልጮኸችም፤ ሁሉም ግን ሰማት። ወንዶቹ ዳገቱን አዩ፤ ግማሾቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቦይ የምታውቂው?” አለች ገበያነሽ፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

“ከአንቺ እኩል ነው እትዬ። ዝናቡን ሁለታችንም እናየዋለን።”

እስከ እኩለ ቀን ተከራከሩ። ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ ዶማውን ተደግፎ ሰማቸው። ጽናትን ‘የገበያነሽ ባል ወንድም ሚስት’ ያላት ግን አልነበረም።