ሀሩን ያጣው ድምፅ

የባሕራ ሰዎች ሀሩንን ጆሮው ነው የሚያበላው ይሉት ነበር። ሞተር ሳይክልም ይሁን ጄኔሬተር፣ ብስክሌትም ይሁን የውኃ ፓምፕ፣ የታመመ ዕቃ ሲመጣለት ፈጥኖ ቁልፍ አያነሳም። ረጅሙን ካቻቢቴ ይወስድና ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። አብሮት የሚሠራው በያጁ አሊዪ፣ «ዝም በሉ፣ ሐኪሙ እያዳመጠ ነው!» ብሎ ግቢውን ያስቃል። ትንሽ ቆይቶ ሀሩን ዓይኑን ይገልጥና «ኩሽኔታው ነው» ወይም «ዳዶው ላልቷል» ይላል። ሲሳሳት ያየው ሰው ጥቂት ነው።

ይህን የለመደው ከአባቱ ነው። አባቱ ወሎ፣ ሐርቡ ገበያ ዳር፣ ሰባት አሮጌ ብስክሌቶች ይዘው በሰዓት ያከራዩ ነበር። ብስክሌቶቹ ሲመለሱ ልጃቸውን አጠገባቸው ቁጭ ያደርጉና ጎማውን በእጃቸው እያሽከረከሩ፣ «ስማ እስቲ፣ ምን አለህ?» ይሉታል። ልጁም የሰማውን ይናገራል። አባቱ ሲሞቱ ለሀሩን የደረሰው መሪ የሌለው አንድ ብስክሌትና ያ ካቻቢቴ ነበር። ካቻቢቴውን ይዞ ሳዑዲ ገባ።

የገባው በእረኛ ኢቃማ፣ በእረኛ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከጣኢፍ ወዲያ ያለ ከፊል፣ ማለት ዋስ የሚሆነው አሠሪ፣ በግ ሊያስጠብቀው አስመጣው፤ በሁለተኛው ዓመት በጎቹ ተሸጡና «ሂድ፣ ሠርተህ ብላ» ብሎ ለቀቀው። ሀሩን ባሕራ ወርዶ ከጅዳ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ገባ። ስድስት ዓመት ብረት ሲያዳምጥ ኖረ፤ ኢቃማው ላይ ግን እስከ መጨረሻው እረኛ ነው። ያን ጊዜ ማንም አይጠይቅም። ከፊሉ አንድ አገር፣ ሠራተኛው ሌላ አገር፤ ግማሹ ባሕራ እንደዚያ ነበር የሚኖረው።

ሚስቱ ሰፊያ ጅዳ፣ ኦብሑር ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ ትሠራለች። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ጁምዓ፣ ማዳሟ የቤቱን ልጆች ይዛ ወደ ባሕሩ እንድትወጣ ትልካታለች። ሀሩን ያን ቀን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከባሕሩ ዳር ግንብ ጥግ ቀድሞ ይቀመጣል። ልጆቹ አሸዋ ሲቆፍሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ግማሽ ሰዓት ቢሞላ ነው። እሷ በሶፍት ጠቅልላ ያመጣችለትን ሳምቡሳ እሱ ይበላል፤ እሷ ደግሞ ጥፍሩን ታያለች።

«በዚህ እጅ ነው የምትሰግደው?»

«ውዱ አድርጌበታለሁ።»

«ውዱውም አዝኖብህ ነው የሄደው።»

ወሬያቸው ይኸው ነው። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ሲል ነው ሀሩን አሥራ አራቱን ቀን የሚሠራው።

በፈረንጆቹ 2013 ከከፊሉ ውጭ የሚሠራ ሁሉ ወረቀቱን ያስተካክል ተባለ። ቀነ ገደቡ አንዴ ተራዘመ፤ ከዚያ የሙሐረም መግቢያ የመጨረሻው ነው ተባለ። የሰፊያ ኢቃማ በማዳሟ ስም ስለሆነ ችግር የለበትም፤ ውሏም ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። የሚያሰጋው የእሱ ነው። አዲስ ከፊል ካላገኘ ይያዛል፤ ከተያዘ ተርሂል የሚሉት ማቆያ ይገባና አሻራ ሰጥቶ ወደ አገሩ ይሸኛል። እሷ ከባሕሩ ወዲህ፣ እሱ ከባሕሩ ወዲያ ሊሆኑ ነው።

ሐጅ ሙሳ የሚባሉ አዛውንት ወደ ጋራዡ የመጡት ከአረፋ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው መካ የቀሩ ናቸው። እሳቸው መንሱር ሰፈር ተወልደው፣ እዚያው ልብስ ሲሰፉ ያረጁ፣ የአገሩ ዜጋ ናቸው፤ አማርኛውን ከእናታቸው ነው የያዙት። ጉልበታቸው ሲደክም ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዙ። ያን ብስክሌት በጎረቤት ፒክአፕ ጭነው ግቢው ውስጥ አስወረዱት።

«አንተ ነህ ሐኪሙ?»

«ሀሩን እባላለሁ፣ አባቴ።»

«ስማ ያ ወለዲ፣ ልጄ። ይኼ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል። መካ ሦስት ሰው አየው፣ ማንም አላገኘውም። የሰፈሬ ሕፃናት ‹ጠያራው መጣ!› እያሉ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ይከተሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ አውሮፕላን ልሁን?»

ወጡበትና ግቢውን አንዴ ዞሩ። ፍጥነት ሲያገኝ ከሆዱ አካባቢ «ግርርር» የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ ሲያቀዘቅዙ ጠፋ። ሀሩን ሮጦ መሪውን ያዘላቸው፤ ክንዳቸውን ደግፎ አወረዳቸው። ከብስክሌቱ ጎን፣ ሁለት የብረት መንጠቆዎች ላይ የተጋደመውን ከዘራቸውንም አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ባረከላሁ ፊክ» አሉት።

ሻይ እየጠጡ ስለ ኢቃማው ጠየቁት። አልደበቃቸውም። አዛውንቱ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «እኔ ከፊል እሆንሃለሁ» አሉት። «ስፌት ቤታችን ማሽን የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ይኼን ድምፅ አግኝልኝና ብስክሌቱን ይዘህ ና፤ ከዚያው ተነሥተን ወረቀቱ ወደሚዛወርበት ቢሮ እንሄዳለን። ኻላስ።»

ሀሩን ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። በማግስቱ ለሰፊያ ሲነግራት በስልኩ ውስጥ እልል ልትል ነበር፤ ማዳሟ እንዳትሰማ አፏን ያዘች።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ብስክሌቱን ሰቅሎ ጎማውን አሽከረከረ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ሥር አስደግፎ አዳመጠ፤ ምንም የለም። በግቢው ውስጥ ነዳው፤ ምንም የለም። የሐጅ ሙሳ ክብደት ነው የሚያስጮኸው ብሎ ኮርቻው ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ አሰረ፤ ዝም። ጆንያውን አውርዶ አሊዪን አስወጣው።

«እኔና ጆንያው አንድ ነን?» አለ አሊዪ።

«ጆንያው አያወራም።»

የጎማውን ራጂዎች አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ ሰማ። ፓራፋንጎውን ፈታ፣ ካቴናውን አጠበ፣ የባትሪውን ሳጥን ጎማ አለበሰው። ሞተሩን ከፍቶ ኩሽኔታዎቹን መረመረ፤ አዲስ ናቸው። የከዘራ መስቀያዎቹንም ሳይቀር ነቀነቃቸው፤ ብሎናቸው ጥብቅ ነው፣ አይነቃነቁም። አለፋቸው። ሳምንት አለፈ፤ ያ በጆሮው የሰማው ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ አልመጣም።

ሐጅ ሙሳ ደወሉ። «እንዴት ነው፣ ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ አባቴ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ጣይብ፣ ጣይብ። እንደሚመችህ።»

ሀሩን «ወረቀቱስ?» ሊል ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰና ዋጠው። የተሰጠውን ሥራ ሳይጨርስ የራሱን ጉዳይ ማንሳት እንደ ልመና ሆነበት። ሐጅ ሙሳም ሌላ ነገር ሳይናገሩ ስልኩን ዘጉ።

«መልስላቸው እንጂ» አለው አሊዪ። «ካልጮኸ ድኗል።»

«በምን እንደዳነ ሳላውቅ? መንገድ ላይ ቢጮኽባቸው ምን ይሉኛል?»

«‹ጮኸ› ይሉሃላ!»

ሰፊያ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ትደውላለች። መጀመሪያ ትቀልድ ነበር። «ድምፁን ልታገባው ነው? ንገረኝ፣ ጣውንቴን ልወቃት።» ኋላ ግን ቀልዱ ቀረ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጁምዓ ከግንቡ ጥግ ተቀምጠው፣ ሳምቡሳውን ሳትፈታ ጉልበቷ ላይ እንደያዘች፣

«ሀሩን፣ ሰውየው ብስክሌቱን ነው ወይስ አንተን ነው የሚጠብቁት?» አለችው።

«ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ?»

«በባዶ እጅህ ሂድ። እኔ ባዶ ቤት ከምቀር።»

ሀሩን ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሞተሩን እንደገና ፈታው።

እሑድ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ሰፊያ እያለቀሰች ደወለችለት። ያን ጊዜ ብስክሌቱን ፒክአፕ ላይ ጫነው። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ስለነበር መንሱር ሲደርስ ዙሁር ተሰግዶ አልፏል።

ሐጅ ሙሳ በራቸው ላይ፣ ነጭ ቶብ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ጭናቸው ላይ የወረቀት ማኅደር ይዘው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ማርዋ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «መጣህ ልጄ?» አለችው። «ከባለፈው ማክሰኞ ጀምሮ እንዲህ ለብሶ ነው የሚውል። ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ ይመጣል እያለ።»

ሀሩን ማኅደሩን አየው። ማመልከቻው ተሞልቷል፤ ተፈርሞበታል።

«አባቴ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አሮጌው ከፊልህ አልለቅም ብሎህ መሰለኝ። ልጁ ተጨንቆ ሳለ እኔ ደግሞ ልነዝንዘው? አፈርሁ» አሉ። «አንተስ ለምን ዝም አልህ?»

«ድምፁን አላገኘሁትማ። በምን አፌ ልጠይቅዎት?»

ሐጅ ሙሳ «ያላ፣ እንሂድ!» ብለው ተነሡ።

በፒክአፑ ሄዱ። የቢሮው ሰልፍ ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞሯል። ሐጅ ሙሳ በከዘራቸው መንገድ እየለመኑ፣ «ልጄ ነው፣ ወረቀቱ ያለቀ ነው» እያሉ እስከ በሩ ደረሱ። በረኛው በአክብሮት አናገራቸው፣ ወንበር ሰጣቸው፣ ውኃም አመጣላቸው። ግን የዕለቱ ቁጥር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አልቋል። የመስኮቱ መጋረጃ ሲወርድ ከውጭ ሆነው አዩት።

ተመልሰው መንሱር ሲደርሱ ሀሩን ብስክሌቱን ከፒክአፑ አወረደ። ሐጅ ሙሳ፣ «ና እስቲ፣ ይኼን ሥራህን እንኳ ልየው» አሉት። ልጁን የሚያጽናኑበት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ከዘራቸውን መንጠቆዎቹ ላይ አጋደሙና ብስክሌቱ ላይ ወጡ። በጠባቡ መንገድ ትንሽ እንደሄዱ፣

«ግርርር።»

«ጠያራ! ጠያራ!» ሕፃናቱ ከየበሩ ወጡ።

ሀሩን በቆመበት ደረቀ። ሐጅ ሙሳ ዞረው መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ቀረብ ብሎ መሬት ተንበረከከ። ከዘራው በጫፉ ብረት አለው፤ ያ ብረት ከመንጠቆው ጋር ሲነካካ መንጠቆው ተበልቶ አብለጭልጧል። ከዘራውን አነሳው። «አንዴ ይዙሩበት» አላቸው። ዞሩ፤ ዝም። መልሶ አጋደመው። ዞሩ፤ ጮኸ።

ያን ቀን ከዘራውን ያነሳው በራሱ እጅ ነው። አክብሮ፣ በሁለት እጁ። ብስክሌቱ ላይ ያለውን ሁሉ ፈትቶ ሲያዳምጥ፣ ከዘራው ግን ለልቡ የሐጅ ሙሳ ነበር እንጂ የብስክሌቱ አልነበረም። ሽማግሌው ከሄዱበት ሰዓት ጀምሮ ድምፁም አብሯቸው ሄዷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሀሩን መካ ያለ ድምፅ ባሕራ ተቀምጦ ሲፈልግ ኖሯል።

ከኪሱ ቁራጭ ከመነዳሪ፣ የውስጥ ጎማ ላስቲክ፣ አወጣ፤ ቀድዶ ሁለቱን መንጠቆዎች ጠመጠማቸው። ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀበትም።

«ይኼው ነው?» አሉ ሐጅ ሙሳ።

«ይኼው ነው፣ አባቴ።»

«ወላሂ፣ ብትመጣ እየጮኸም እነዳው ነበር» አሉና ከዘራቸውን መሬት ተክለው አንገታቸውን ደፉ። ከቤታቸው እንዲደበቅ ለመኑት። እሱ ግን በእርጅናቸው ላስጠይቃቸው አይገባም ብሎ ባሕራ ተመለሰ።

ማክሰኞ ዕለት የጋራዡ ግቢ በፖሊስ ተከበበ። አሊዪና ሀሩን በአንድ መኪና ተጫኑ። በተርሂሉ በር ላይ ስለት ያለው ነገር ሁሉ ሲሰበሰብ ካቻቢቴውን ወሰዱበት። አሥራ ሰባት ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ፣ አሻራውን ሰጥቶ፣ በነጠላ ጫማ አውሮፕላን ተሳፈረ። ሰፊያን አላያትም።

አሁን ኮምቦልቻ ባጃጅ ይጠግናል። ካቻቢቴ አዲስ ገዝቷል፤ ጆሮው ሥር ግን አያስደግፈውም። ሰው ጠይቆት፣ «አይ፣ እንዲያው ፈትቼ ብመለከተው ይሻለኛል» አለ።

ሰፊያ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ጁምዓ፣ ከግንቡ ጥግ ሆና ትደውልለታለች። በስልኩ ውስጥ የባሕሩ ነፋስና የልጆቹ ጫጫታ ይሰማዋል። ከመጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠይቃው ነበር።

«ለመሆኑ ያ ድምፅ ምን ሆኖ ተገኘ?»

«ኩሽኔታ ነበር» አላት። «የውስጠኛው። ከባድ ነበር።»

«እሰይ፣ እንኳን አገኘኸው» ብላ ተወችው።

በረመዳን ዋዜማ እንደገና ስትደውል፣ ማዳሟ ዑምራ ይዛት ሄዳ እንደነበር ነገረችው። መንሱር ጎራ ብላ ሐጅ ሙሳንም ጠይቃቸዋለች።

«ደኅና ናቸው?» አለ ሀሩን።

«አልሐምዱሊላህ። ብስክሌቱን ትተውታል፣ በከዘራቸው ነው የሚሄዱት። ያንን የከዘራ መንጠቆዎቹ ላይ የጠመጠምኸውን ላስቲክ ፈትተው፣ አጥበው፣ ሰጥተውኛል። እኔ ጋ ነው።»

ሀሩን ስልኩን ከጆሮው ወደዚያኛው ጆሮው አዛወረ። ባሕሩ ይሰማል፤ ልጆቹ ይሰማሉ፤ እሷም ስትተነፍስ ትሰማለች።

«ጥፍርህን ታጥበሃል?» አለችው።

«ታጥቤያለሁ።»

«ውሸታም» አለችው፤ ድምፅዋም ተሰበረ።