ደፍ ያላለፈው አቧራ

በዚያ ጠዋት ሳሎን ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ስም አልጽፍም፤ ሁሉም እዚሁ ፍኖተ ሰላም ያሉ ስለሆኑ ራሳቸውን ያውቁታል። እትዬ የምላቸው የቤቱ እመቤት መስኮቱ አጠገብ ባለው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ በጡረታ የተገለሉ የጂኦግራፊ መምህር፣ ቆመው ነበር፤ ሲጨነቁ መቀመጥ አይሆንላቸውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው በሩን ተደግፋ ነበር። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው መጥተው፣ ቆሎውን ለሁላችን እያዘገኑ ነበር። እኔ፣ ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ነበር።

አንድ ሰው ጎድሏል። የእትዬ ትልቁ ልጅ ለሥራ ፈተና ወደ አዲስ አበባ ከተሳፈረ ቆይቷል፤ ደረሰ የሚል ወሬ ግን አልመጣም። ስልክ በከተማው ተቋርጦ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ፊት ደግሞ መግፊያው ነበር።

መግፊያ ያልነው እኛ ነን፤ ትክክለኛ ስሙን በቤቱ የሚያውቅ አልነበረም። ከጫማ ካርቶን ትንሽ የሚሰፋ፣ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከሥሩ አራት ትናንሽ ጎማዎች አሉት፤ ከላዩ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚደርስ የእንጨት እጀታ ተተክሎበታል። ሳጥኑ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ክብ ብሩሽ አለ። ሰው ሲገፋው ጎማው ይዞራል፤ ጎማው ብሩሹን ያዞራል፤ ብሩሹ ምንጣፉ ላይ ያለውን ቆሻሻ እያነሳ ከፊትና ከኋላ ባሉ ሁለት ጉድጓዳ ሳህኖች ላይ ይጥለዋል። መብራት አይፈልግም።

መብራት እንደማይፈልግ ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው። ዕቃውን በአውቶቡስ የላኩት አዲስ አበባ የሚኖሩት የእትዬ እኅት ናቸው፤ ለራሳቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለገዙ አሮጌውን ነው የላኩልን። ጋሼ ካርቶኑን ከፍተው ሁለት ጊዜ ገልብጠው አራገፉት።

«ገመዱ የታል?»

«አባዬ፣ ገመድ ያለው አይመስለኝም» አለች ልጃቸው።

«እንዴት አይኖረውም? ማሽን አይደለም? ደምበጫ ላይ ዕቃ ሲያወርዱ ወስደውታል። ይሄ ረዳት የሚባል!»

«የገመዱ ቀዳዳም እኮ የለውም።»

«እሱንም ወስደውታላ!»

ቀዳዳ እንዴት እንደሚሰረቅ ራሳቸውም ሳያስቡት የተናገሩት ነበር፤ ከተናገሩት በኋላ ግን ከሁላችንም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እትዬ አንድ ሁለት ጊዜ ገፉት። ምንጣፉ ላይ የጎማ መስመር አሰመረ እንጂ ምንም አላነሳም። ከበሩ ኋላ ቆመ፤ ጃንጥላ መስቀያ ሆነ።

እዚህ ላይ ልማዱን መናገር አለብኝ፤ እኛ ዘንድ የማያውቀው ባይኖርም። ሰው መንገድ ሲወጣ ቤት አይጠረግም። መንገደኛው የሚሄድበት መድረሱ እስኪሰማ ድረስ መጥረጊያ አይነሳም፤ የሄደውን ሰው ዱካ አብሮ ጠርጎ እንደ መጣል ነው የሚቆጠረው። በደህናው ጊዜ ይህ ማንንም አያስቸግርም። ልጅ ጠዋት ይሳፈራል፤ ወደ ማታ «ደረስኩ» ብሎ ይደውላል፤ ቤቱም ይጠረጋል። አሁን ግን ስልክ የለም። ስልክ ስለሌለ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ «ወሬ አለ ወይ» እያለ በእግሩ ይመጣል። የሚመጣው ሰው አቧራ ይዞ ይገባል፤ ቆሎ ይቆረጥምና ገለባውን ምንጣፉ ላይ ያንጠባጥባል። ወቅቱ በጋ ነው። ግቢያችን ዱቄት የሚመስል ቀይ አፈር ነው።

እትዬ ደግሞ አስም አለባቸው።

አቧራ ሲበዛ ደረታቸው ማፏጨት ይጀምራል፤ ድምፁ ክዳኑ ያልገጠመ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። በዚያ ሰሞን ሲቀመጡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ነበር። አፍ ውስጥ የሚነፋው መድኃኒታቸው ሊያልቅ ነው፤ ፋርማሲዎቹ «መንገድ ሲከፈት ይመጣል» ይላሉ። ውጭ እንዳይቀመጡ ነፋሱ ከቤት የባሰ ነው። እንዳይጠረግ ደግሞ ልጃቸው መንገድ ላይ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ አየር እያጠረሽ እኮ ነው» አሉ ጋሼ በዚያ ጠዋት። «ልጁ ሲመጣ አንቺን ቢያጣ ደስ ሊለው ነው?»

«ይድረስና ይጠረጋል።» እትዬ የሚናገሩት ሁለት ሁለት ቃል እየቆረጡ ነበር። «እኔ አልሞትም። እሱ ይድረስ።»

«ምንጣፉ ነው ልጁን አዲስ አበባ የሚያደርሰው?»

ጎረቤታችን ቆሎውን ወደ እሳቸው አስጠጉ። «ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ አይግቡ። እኔ አንዴ ባለቤቴ ለቡሬ ገበያ እንደ ወጣ ጠርጌ፣ በቅሎዋ መንገድ ላይ አነከሰች።»

«በቅሎዋማ ድሮም አንካሳ ነበረች! ስትገዙም አንካሳ ነበረች!»

«የዚያን ቀን ግን ባሰባት።»

እትዬ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አላቆም አለ። ልጃቸው ሮጣ መድኃኒቱን አመጣች። ሁለት ጊዜ ነፉት። ፊታቸው ቀስ እያለ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ጋሼ መስኮቱን ከፈቱት፣ አቧራ ገባ፣ መልሰው ዘጉት።

እኔ ንግግር አይሆንልኝም። ከአንደበቴ ይልቅ በእጄ ይቀለኛል። ያን ጊዜ መግፊያውን ይዤ የገባሁትም ከቀትር በፊት ሥራ ስላልነበረኝ ብቻ አይደለም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጃንጥላዎቹን ከላዩ አንስቼ ወደ ክፍሌ ወስጄው ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የማላውቀውን ነገር እፈታና የተፈቱትን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ። በብሩሹ ዘንግ ላይ ፀጉር፣ ክርና የምንጣፍ ቃጫ ተጠምጥሞ ገመድ ሆኗል፤ መሐሉ አንዲት መርፌ ነበረች። በምላጭ ቆርጬ አወጣሁት። ብሩሹ ግን አሁንም አልዞር አለ። ቆይቼ ሳየው ችግሩ ጎማዎቹ ነበሩ። ላስቲካቸው ከማርጀቱ የተነሳ ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ ምንጣፉ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይሽከረከርም። ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አራት ቀጫጭን ቀለበት ቆርጬ አለበስኳቸው። መሬት ላይ ጆንያ ዘርግቼ፣ ጤፍ በትኜ ገፋሁት። ጤፉን ለቀመው።

ስለዚህ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ያየሁትን ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ይሄ እንደ መጥረጊያ ወደ ውጭ አያወጣም። ያነሳውን እዚሁ ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል። አቧራም አያስነሳም።»

እትዬ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን አዩት።

«ሆዱ ሲሞላስ?» አሉ እትዬ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። መልሱን ያመጣችው ልጃቸው ናት። «የዱቄት ወተቱ ጣሳ አለ አይደል፣ እማ? ክዳን አለው። እሱ ውስጥ እንገለብጠዋለን።»

«ጣሳው የት ይሆናል?»

«ቁም ሳጥኑ ላይ። ቤት ውስጥ።»

እትዬ ወደ ጎረቤታችን ተመለከቱ። ጎረቤታችን በእንዲህ ያለው ነገር እንደ ዳኛ ናቸው። አንድ ዘገን ቆሎ ቆርጥመው እስኪጨርሱ አስጠበቁን።

«ደፉን ካላለፈ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «አልጠረግሽም።»

«እንግዲያው ግፋው» አሉኝ እትዬ። «ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ግፋ። ከውስጥ ወደ በሩ እንዳትገፋ።»

ዕቃው በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሠራው፤ ሲሄድም ሲመለስም ያነሳል። እኔ ግን እንዳሉኝ አደረግሁ። ከበሩ ጀምሬ እስከ ግድግዳው ገፋሁ፤ እዚያ ሳጥኑን ከመሬት አንስቼ በእጄ ተሸክሜ ወደ በሩ ተመለስኩ፤ ከጎኑ ደግሞ አዲስ መስመር ጀመርኩ። ጎማዎቹ በየዙሩ ይንቀጫቀጫሉ። ጋሼ በየመስመሩ «ቀጥ አድርገህ፣ ቀጥ» ይሉኝ ነበር፣ የበሬ እርሻ ይመስል። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ምንጣፉ ላይ አርፎ ነበር፤ በብርሃኑ ውስጥ የሚነሳ አቧራ አላየሁም። ሳጥኑን ጣሳው ላይ ስከፍተው የቆሎ ገለባ፣ ቀይ አፈር፣ የክብሪት እንጨትና የተማሪዋ ልጃቸው የጠፋ የጆሮ ጌጥ አንድ እግሩ ወደቀ።

ወደ ከሰዓት የእትዬ ትከሻ ወረደ። መድኃኒቱም ረድቷል፤ የመግፊያው ሥራ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስንገፋው፣ የማፏጨቱ ድምፅ እስከ እኔ ክፍል መሰማቱን ተወ።

መሐሉ ላይ አንዲት ነጋዴ ከጅጋ መጥተው ልጁ የተሳፈረበት አውቶቡስ ደምበጫ ቆሞ መንገድ እስኪከፈት ሲጠብቅ አይቼው ነበር አሉ። ጋሼ ወዲያው መጥረጊያ አነሱ።

«አስቀምጠው!» አሉ እትዬ። «ደምበጫ አዲስ አበባ ነው እንዴ? ደግሞ ጂኦግራፊ አስተማርኩ ትላለህ!»

ስልክ የተመለሰው በአንድ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ ነው። የእትዬ ስልክ ጮኸ። አንስተው ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙና «ደርሰሃል?» አሉ፣ ደግመው «አንተ ራስህ ነህ? ደርሰሃል?» ጣሳውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወረዱት ራሳቸው ናቸው። ማንም እንዲያግዛቸው አልፈለጉም። ደፉን አልፈው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ ባሕር ዛፉ ሥር ደፉት። ባዶውን ጣሳ እንደያዙ እዚያው ትንሽ ቆሙ። ሲመለሱ የሳር መጥረጊያውን ለልጃቸው ሰጧትና «በሉ አሁን ጥረጉ» አሉ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ቀጥሎ ስላለው ነው።

በሌላ ጊዜ ወደ ወላጆቼ ዘንድ ሄድኩ። አገሬ ከቡሬ ወዲያ በእግር የሚገባበት ገጠር ነው፤ ስልክ ኮረብታ ካልወጡ አይሠራም። የአባቴን ቤት ቆርቆሮ ልናለብስ ነበር፤ ሥራው ካሰብነው በላይ ወሰደብን። ደርሻለሁ ብዬ መደወል በሐሳቤ አልነበረም። ለማን? ከዚህ በፊት በተከራየሁበት ቤት፣ ቦርሳዬን ይዤ ገና ከበሩ ሳልወጣ ደጃፌን መጥረግ ይጀምሩ ነበር። አልቀየምኩም፤ ልማዱ ለልጅ እንጂ ለተከራይ አይመስለኝም ነበር።

ስመለስ የግቢውን በር የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። አላስገባችኝም፤ ወደ ቤት ዞራ ጮኸች።

«እማዬ፣ መጣ! ኧረ መጣ!» ከዚያ ወደ እኔ፤ «ና አቧራህን ውሰድ! ቤቱን ሞላኸው እኮ!»

ቁም ሳጥኑ ላይ ጣሳው ነበር። ክዳኑ አልገጥም ብሎ በላስቲክ ታስሯል። ከጎኑ ሌላ ጣሳ ተጨምሯል፤ እሱም ሞልቷል። መግፊያው ከሶፋው ኋላ፣ አፉን ወደ ውስጥ አዙሮ ቆሟል። እትዬ መስኮቱ አጠገብ ያቺን የሶፋ ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ደረታቸው በቀስታ ያፏጫል።

«ቡሬ ስልክ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«አለ፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

ጋሼ «ኧረ ተይው፣ ደክሞት ነው የመጣው» አሉ። እትዬ ግን እጃቸውን ወደ ጣሳዎቹ ዘረጉ።

«በል፣ አንተው ድፋው። የራስህ ነው።»

አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ያዝኩ። ከመልካቸው ይልቅ ይከብዱ ነበር። ባሕር ዛፉ ሥር ደፋኋቸው። ቀይ አፈሩ ወዲያው ከግቢው አፈር ጋር ተቀላቀለ፤ የቆሎው ገለባ ብቻ ላዩ ላይ ቀረ። እትዬ የዚያን ሁሉ ቀን አቧራ ለእኔ ሲሉ ቤታቸው ውስጥ እንዳስቀመጡ እያሰብኩ ቆየሁ። አመሰግናለሁ ማለትም ያን ጊዜ አልሆነልኝም። ይኸው አሁን እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው መደወል ነው። ኮረብታውንም እወጣለሁ።

ያን ጊዜ የነበራችሁ ይህን ስታነቡ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ። ጎረቤታችን፤ ከበሩ ወደ ውስጥ ይገፋ የሚለውን መጀመሪያ ያሉት እርስዎ እንደሆኑ ይናገራሉ፣ እኔ ከእትዬ አፍ ነው የሰማሁት። ጋሼ፤ የመጀመሪያው ጣሳ ክዳን ቢጫ ነበር ወይስ ሰማያዊ? አዲስ አበባ ያለኸው ወንድማችን፤ ደምበጫ ላይ እንዴት እንደ ሰነበታችሁ አንተ ራስህ ጻፍበት፣ እኔ የማውቀው ከነጋዴዋ የሰማሁትን ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ፣ በሩን የከፈትሽልኝ፤ አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔ ከቡሬ ወዲያ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት የገፋው ማን ነበር? ሳጥኑንስ ከግድግዳው እስከ በሩ በእጁ ተሸክሞ ይመለስ ነበር?