ባለመሬቱ ያብላ

አበጀን የማያውቅ የላይ ጋይንት ገበሬ ካለ፣ እርሻው ላይ ድንኳን ያልተተከለበት ዕድለኛ ነው። አበጀ ራሱ ገብስ አብቃይ፣ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ ጭቁን ነበር። መጨቆኑን ግን አልወደደውም፤ የሚወደው ሌላውን ማስጨነቅ ነበር። የሰፈሩ ጭቃ ሹም በሞቱ ጊዜ፣ ለቅሶው እንኳ ሳይነሳ፣ ንፋስ መውጫ ሄዶ ገዥው ደጅ ተጎለተ። ሹመት ፈልጎ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ጠና።

ዝናቡ ሲያባራ ፈረንጅ ባልና ሚስት ከአስተርጓሚያቸው ከአቶ ኃይለ ሚካኤል ጋር መጡ። በድንኳን እያደሩ ጉናን ሊዞሩ፣ ሸለቆውን ሁሉ ሊያዩ ነው። ለምን ይዞራሉ? ለመዞር። የእኛ ገበሬ ተራራ የሚወጣው ከብት ሲጠፋው ነው፤ እነሱ ምንም አልጠፋቸውም።

«አንተ ምራቸው» አለው ገዥው። «ደስ ብሏቸው ከተመለሱ ሹመቱን እናስብበታለን። ድርጎ ገበሬው ያቅርብ።»

ድርጎ ማለት ለመንግሥት እንግዳ ከድሃ ጉሮሮ የሚነጠቅ ቀለብ ነው። እንደ ልማዱ መንደሩ አዋጥቶ ነው የሚያቀርበው። አበጀ ግን ከገዥው በላይ ገዥ ሆነና፣ ድንኳኑ ያረፈበት ባለመሬት ብቻውን ያብላ ሲል አወጀ። ድንኳኑ የት እንደሚያርፍ የሚመርጠው መንገድ መሪው ነዋ! ከመነሳቱ በፊት የራሱን በጎች አንድ ሳያስቀር ስማዳ ወዳሉት የሚስቱ ዘመዶች ነዳ። ብልህ ነኝ ባይ!

የመጀመሪያውን ድንኳን ያስተከለው በድንበር ከምትካሰሰው ባልቴት፣ ከወለተ ሥላሴ ገብስ ላይ ነው።

«እሜቴ፣ እንኳን ደስ አለዎ! የመንግሥት እንግዳ መጣልዎ።»

«አበጀ፣ ያን ሁሉ ሜዳ ትተህ ካልታጨደ ገብሴ ላይ?»

«ሜዳው ነፋስ ይበዛዋል።»

«ያለችኝ አንዲት በግ ናት፣ ልጄ።»

«እኛስ ሁለት መች ጠየቅንዎ? ባለመሬቱ ያብላ!»

በጓ ታረደች። ፈረንጆቹ ሆዳችንን ያመናል ብለው ከቆርቆሮ ዓሣ በሉ። የበጓን አጥንት እስከ መቅኒው የጋጠው አቶ ኃይለ ሚካኤል ነበር።

ከዚያ ጅብራና ጓሳ ብቻ ወደሚበቅልበት ብርድ ወጡ፤ በእስቴ በኩል ወዳለው ሸለቆም ወረዱ። እዚያ አበጀ አንድ ዘመን ዘር አላበድርም ያለውን ሰው ፈልጎ የቀፎውን ማር አስቆረጠው። ፈረንጆቹ ወፍ ያያሉ፣ አበጀ ቂሙን ይወጣል፤ ሁሉም በየፊናው ተደሰተ።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። አበጀ የራሱን ቀዬ በጉም ተሸፍኖ ሊያልፍ እያጣደፋቸው ሳለ ጉሙ ድንገት ተገፈፈ። ፈረንጂቱ ወንዝ ዳር ያለችውን መስክ አየችና እጇን አጨበጨበች።

«እዚህ እንደር ትላለች» አለ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

«ጌታዬ፣ እዚህ ጅብ አለ።»

«ጅብ ማየት ትፈልጋለች።»

«ውሃው ያማል።»

«ያፈሉታል። ለመሆኑ መሬቱ የማን ነው?»

አበጀ መንገዱን ሊቀጥል ወደፊት ተራመደ። ከካቡ በላይ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ወለተ ሥላሴ ከፊት ቆማለች።

«የአበጀ ነው! እንኳን ደስ አለህ በሉት እንጂ! ባለመሬቱ ያብላ!»

ሰፈሩ በሳቅ አውካካ።

«በል በግ አምጣ» አለ አስተርጓሚው።

«በግ የለኝም።»

«ታዲያ ያ ምንድን ነው?»

ያ ቦራው በሬ ነው፤ ከጥንዱ አንዱ። ሚስቱ ላቀች ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አበጀ፣ በማርያም! በምን ልታርስ ነው?»

«ጭቃ ሹም አያርስም፤ ያሳርሳል! ዞር በይ!»

አረደው። ሆኖም ዓርብ ነውና አቶ ኃይለ ሚካኤል እንኳ አማተበና ሽሮውን ጠየቀ። ፈረንጆቹም ቆርቆሯቸውን ከፈቱ። አበጀ ሹመቱ የተንጠለጠለበትን ድንኳን ሲጠብቅ አደረ፤ ሥጋውን የሚጠብቅ አልነበረም። ላቀች በጎቿን ተከትላ ስማዳ ገብታለች። ሲነጋጋ ፈረንጂቱ እንደተመኘችው ጅብ አየች፤ ሦስት ሆነው የቦራውን ጎድን ሲጎትቱ።

ፈረንጆቹ ንፋስ መውጫ ሲደርሱ እንዲህ ያለ መሪ አላየንም ብለው ለገዥው መሰከሩ። አበጀ እጅ ነስቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ያ ነገር...»

«የትኛው? ሹመቱ? ለጎረቤትህ ለጣሰው ሰጠሁት። አንተን የመሰለ መንገድ መሪ ጭቃ ሹም አድርጌ ላባክን?»

ጣሰው ብዙ አልተፈላሰፈም፤ የአበጀን አዋጅ እንዳለ አጸናው። ፈረንጂቱም ያችን መስክ ለወዳጆቿ አውርታ ኖሮ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እዚያው ካላደርኩ ይላል። ካስማውን የሚቀጠቅጠው አበጀ ነው። ጎረቤቶቹ ከካቡ በላይ ሆነው «ባለመሬቱ ያብላ!» ሲሉት ቀና አይልም።