ጣቶቿ ቅጠል የሆኑባት ሴት

ባለቤቴ አዲስ አበባ ሳለ ብረት ላይ ጽሑፍና ሐረግ የሚቀርጽ ሰው ነበር፤ ዋንጫ፣ ሜዳሊያ፣ የቃል ኪዳን ቀለበት። ከአገር ወጥተን አርሊንግተን ከመጣን በኋላ ዌርሃውስ፣ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ፣ ሥራ ገባ። ከዚያ የስኳር ሕመሙ ዓይኑን መጉዳት ጀመረ። ሐኪሙ፣ "ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን እንጂ የሄደው አይመለስም" አለን።

እኔ ፎርት ወርዝ አንድ ሙዚየም ውስጥ ጥበቃ ነኝ። በዚያው ሰሞን የጥንት ጣሊያኖች መዳብ ላይ ቀርጸው በወረቀት ያተሟቸው ሥዕሎች መጡ። አንዱም ከመዳፍ አይበልጥም። ዳር ዳሩን ሐረግ፣ ጭምብልና ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ሞልተውታል፤ መሃሉ ላይ የግሪኮች ተረት አለ። አንዱ ላይ ከሚያሳድዳት አምላክ የምትሸሽ ሴት ዛፍ ስትሆን ይታያል። የባለቤቴ ዓይን ጨርሶ ሳይሄድ ይያት ብዬ በእረፍት ቀኔ ይዤው ሄድኩ።

አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለ። የሥራ ባልደረባዬ መጥታ፣ "ሰር፣ እባክዎ ትንሽ ራቅ ይበሉ" አለችው። እኔም በየቀኑ የምለው ነው። ራቅ ሲል ጭራሽ ጠፋበት።

"ግራጫ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ" አለ። "እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ጣቷ የት ላይ ነው የሚያበቃው?"

"ቅጠሉ ጋ።"

"እሱማ ገባኝ። መስመሩ ይቋረጣል ወይስ ይቀጥላል?"

ስንት ሳምንት አጠገቧ ቆሜ ስውል ይህን ልብ ብዬ አላውቅም። አሁንም ባይ ባይ ሊለይልኝ አልቻለም።

"ይቀጥላል" አልኩት።

"ትዋሺያለሽ" አለኝ፣ ሳይቆጣ። "ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል።"

በስልኬ ፎቶ አንስቼ ቤት ቲቪው ላይ አሰፋሁለት። ሲሰፋ መስመሩ ሁሉ ፈርሶ ነጠብጣብ ሆነ። "በቃ ተይው፣ አጥፊው" አለ።

ሥዕሎቹ ታሽገው በሄዱ ሰሞን፣ ከአገር ያመጣቸውን መቅረጫዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ስለታቸውን በአውራ ጣቱ ሲሞክር አገኘሁት። ደምቷል፤ አላየውም። ደሙን ስጠርግለት፣ "ልጃችን ትፈልጋቸው ይሆን?" አለኝ።

ዴንተን ለምትማረው ልጃችን ኮል አደረግሁ፤ እሱ ራሱ ጠየቃት። "ዳዲ፣ ማለቴ… ምን ላደርጋቸው?" አለችው። ክፋት የላትም።

"ልክ ነሽ" አላት።

አሁን ጨርሶ አያይም። ቤተ ክርስቲያን ሁሌ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል፤ እሱም በትሕትና አሜን ይላል። ባለፈው እሑድ መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "ከእንግዲህ ለዓይኔ አታስጸልዪልኝ" አለኝ።

እሺ አልኩት።