አባቴ የተረጎመው ቲያትር

ባለፈው ግንቦት የልጅ ልጄ ፀዳ ከምትማርበት ትምህርት ቤት የንግግርና የአጭር ቲያትር ውድድር አለ ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከመጋረጃው ኋላ ልጆቹ ሲለባብሱ እያየሁ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዱ ተማሪ ከበግ ጠጉር የተሠራ ነጭ ጢም አገጩ ላይ እያሰረ በአጠገቤ አለፈ። ጠጉሩ ታጥቦ በወጉ ሳይደርቅ ኖሮ ያ እርጥብ የበግ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ልጅቱ ደክሞኝ መስሏት ውኃ ልታመጣልኝ ሮጠች። እኔ ግን አልደከመኝም፤ በጣልያን ጊዜ፣ እንደዚያው ያለ የሚያሳክክ ጢም ታስሮልኝ፣ ዳኛ ሆኜ የቆምሁበትን መድረክ አስታውሼ ነው።

አባቴ የጣልያኑ ኮሎኔል አስተርጓሚ ነበር። በወጣትነቱ በቅሎ እየነዳ ጎንደርና አስመራ ሲመላለስ ጣልያንኛውን ከነጋዴው፣ ከወታደሩ፣ ከመጠጥ ቤቱ በጆሮው ለቃቅሞ ነበርና፣ ጣልያን ጎንደር ሲገባ ያ ቋንቋ እንጀራም ሆነው፣ መዘዝም ሆነው። ማታ ማታ ጫማውን እያወለቀ የዋለበትን ከባድ ከባድ ቃል ለብቻው ሲደጋግም እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ እሱ ሳያስተምረኝ፣ እኔም ተማርሁ ሳልል፣ ቋንቋው ገባኝ። በቤታችን ዱቄትና ዘይት አልጠፋም። የጠፋው ሰው ነው። የማርያም ማኅበር ጽዋ ሲዞር እናቴን እየዘለለ ያልፍ ጀመር፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ስለ ዝናቡ ያነሳሉ፤ እሷም ይህን አውቃ ከሩቅ ጀምራ ጉሮሮዋን እየጠረገች ትሄድላቸው ነበር፣ ወሬያቸውን የሚለውጡበት ጊዜ እንዲያገኙ።

የምማረው ጣልያኖቹ ለአገሬው ልጆች በከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ኃላፊው ማየስትሮ የምንለው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይጠፋ ቀጭን ሰው ሲሆን፣ አማርኛውን የሚያስተምሩን ደግሞ ከመካነ ብርሃን ወዲያ የመጡ፣ ቅኔ ያወቁ፣ የኔታ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የኔታ ጣልያንን አይፈሩም ይባል ነበር፤ የማየስትሮን ውሻ ግን ይፈሩ ነበር። ውሻው ግቢ ውስጥ ከተፈታ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ከመሮጥ በመለስ ባለ ፈጣን አካሄድ ወደ ክፍላችን ይገቡና፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ «የት ደርሰን ነበር?» ይሉናል።

አንድ ቀን ማየስትሮ ፊሽካውን ነፍቶ ሰበሰበንና ከአዘዞ ትምህርት ቤት ጋር ውድድር እንደሚደረግ ነገረን፤ አንድ ንግግር በጣልያንኛ፣ አንድ አጭር ቲያትር በአማርኛ፣ አዲስ በተሠራው ሲኒማ ቤት፣ ኮሎኔሉ ራሱ በተገኘበት። ለሚያሸንፈው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሙሉ ጫማ ይሰጣል ተባለ። እንደ እኔ ጫማ ለለመደ ብዙም አልነበረም፤ ለሌሎቹ ግን ያን ሌሊት የሚያስተኛ ወሬ አልነበረም።

ቲያትሩን የደረሱት የኔታ ናቸው። ነገሩ ሙግት ነው፤ ሙግት ደግሞ የአገራችን ሰው ከሠርግ ይልቅ የሚወደው ጨዋታ ነው። አንድ መንገደኛ ክረምት ደርሶበት በአንድ ገበሬ ቤት ይጠለላል። ደጁን ይጠርጋል፣ ግድግዳውን ይመርጋል፣ ወደ ቤቱ የሚያወጣውን ዱካ በድንጋይ ያነጥፋል፤ በኋላ ግን ይህን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝና ቤቱ የኔ ነው ብሎ ባለቤቱን ይከሳል። ዳኛው ሁለቱን ሰምቶ «ቤቱም ይስፋ፣ ፍቅሩም ይስፋ፤ አብራችሁ ኑሩ» ብሎ ይፈርዳል። አባቴ ወደ ጣልያንኛ መልሶት ማየስትሮ አነበበና በጣም ሸጋ ነው አለ፤ መንገዱን የሠሩት እነሱ ነበሩና እነሱን ያመሰገነ መሰለው።

ዳኛ እንድሆን የመረጠኝ ማየስትሮ ነው። ድምፄ እስከ በሩ ይሰማል አለ። ገበሬው ውበቱ የሚባል፣ አባቱ ጦር ሜዳ ላይ የሞተበት፣ ከአጎቱ ጋር የሚኖር፣ ከክፍሉ ሁሉ ረዥምና ዝምተኛ ልጅ ነበር። ልምምዱን ከግቢው ጀርባ ካለችው ዋንዛ ሥር እናደርጋለን። እኔ ከመድረሴ በፊት ሳቅ ይሰማኛል፤ የግንቡን ጥግ ስዞር ግን ሳቁ ይቆምና አንዱ ማየስትሮ ያስጠናንን የጠዋት መዝሙር ማፏጨት ይጀምራል። የኔታም ያን ጊዜ «ከዳኛው እንጀምር» ይላሉ። አንድ ቀን ውበቱ ከፍርዱ በኋላ አፉን ሊከፍት ሲል የኔታ በዓይናቸው ሲያቆሙት አየሁ። ከፍርዱ በኋላ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ደግሞ አውቃለሁ። የደበቁኝ ነገር አለ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ አንዳንዴ ሊያዋርዱኝ፣ ጢሜን መድረክ ላይ ሊነቅሉብኝ ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር ይታየኛል።

ቤት ስገባ ደግሞ አባቴ አለ። ከዚያ በፊት ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው፣ ማታ ማታ ቲያትሩ መጨረሻው እንዴት ነው እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። ራሱ የተረጎመውን ምነው ይጠይቀኛል? አብራችሁ ኑሩ ብዬ እፈርዳለሁ እለዋለሁ። ከዚያስ ይለኛል። ከዚያማ መጋረጃ ይዘጋል እለዋለሁ። ያየኝና ወደ ጫማው ይመለሳል። የዋንዛዋ ሥር ልጆች እኔን የሚጠረጥሩት በእሱ ምክንያት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሳላስበው እኔም ከእነሱ ጋር ሆኜ አባቴን መጠርጠር ጀመርሁ። እናቴ ራት ስታቀርብ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን እርስ በርስ በጥርጣሬ እንደሚተያዩ ነጋዴዎች ሆንን።

የውድድሩ ዕለት ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ኮሎኔሉ ከፊት መሐል ላይ፣ ማየስትሮ በቀኙ፣ አባቴ በግራው፣ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሹማምንቱ፣ ከዚያ የከተማው ሰው፣ ከበሩ ዘንድ ደግሞ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ እናቶች። የአዘዞው ተናጋሪ ስለ አዲሱ መንገድ በጣልያንኛ እንደ ወራጅ ውኃ ተናገረ። የኛው ግን መሐል ላይ ቃሉ ጠፍቶት፣ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ደጋግሞ በመጨረሻ ሰላምታ ሰጥቶ ወረደ። የአዘዞ ልጆች ቲያትር ስለ ሰነፍ ገበሬ ነበር፤ ያመጧት እውነተኛ ዶሮ አምልጣ ኮሎኔሉ እግር ሥር ስለ ገባች ከቲያትሩ ይልቅ ዶሮዋ ተጨበጨበላት።

የኛ ተራ ደረሰ። ጢሙ ላብ ጠጥቶ አንገቴ ላይ ይንሸራተታል፤ በአንድ እጄ ደግፌ፣ በሌላው ጭራዬን ይዤ፣ ከአባቴ ሁለት ክንድ በማይርቅ የመድረኩ ጫፍ ላይ በዳኛ ወንበር ተቀመጥሁ። መንገደኛው ከሰሰ፣ ውበቱ መለሰ፣ ሰው ሙግቱን ወዶት ከኋላ በሉ በሉ ይላል። ተነሥቼ እንደ ተማርሁት፣ አብራችሁ ኑሩ ብዬ ፈረድሁ። መጋረጃው ግን አልተዘጋም። ውበቱ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣና መንገደኛውን ሳይሆን የፊተኛውን ረድፍ እያየ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣

«ደጄን ስለጠረግህልኝ ቤቴ ያንተ ሆነ? ክረምቱ ሲወጣ መጥረጊያህን ይዘህ ውጣልኝ» አለ።

 ከዚያ ከበሩ በኩል አንዲት እናት እልል አለች፤ አዳራሹ በሙሉ ተቀበላት።

ኮሎኔሉ ዞሮ አባቴን ምን አለ ብሎ ጠየቀው። የአባቴ ፊት አመድ መስሎ ነበር፤ ግንባሩ ላይ የወጣውን ላብ ከመድረኩ ሆኜ አየዋለሁ። በጣልያንኛ፣ ምንም ሳይንተባተብ፣ «ደጄን ስላሳመርህልኝ ክረምቱም ይለፍ፣ አንተም ከቤቴ አትውጣ ይለዋል፣ ጌታዬ» አለው። ታዲያ ምነው እንዲህ ጮኹ አለ ኮሎኔሉ። «ዕርቅ ሲወርድ እልል ማለት የአገሩ ወግ ነው» አለ አባቴ። ኮሎኔሉ ፈገግ ብሎ ተነሣና አጨበጨበ፤ ኮሎኔሉ ሲያጨበጭብ ሹማምንቱ ሁሉ አጨበጨቡ። ጫማውን አሸነፍን። ከመድረኩ ስወርድ አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም።

አዳራሹ ውስጥ ግን አማርኛም ጣልያንኛም የሚያውቅ አባቴ ብቻ አልነበረም። ይህን እሱ ከኔ በፊት ያወቀ ይመስለኛል። በማግሥቱ እሁድ ማለዳ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ጠራኝና፣ የኔታ ዘንድ ሂድና መካነ ብርሃን እናትዎ በጠና ታመዋልና ዛሬውኑ ይሂዱ በላቸው አለኝ። ከማን ሰማህ ብዬ ልጠይቀው አልደፈርሁም። እየሮጥሁ ሄድሁ። የኔታ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። መልእክቱን ስነግራቸው ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ብዙ አዩኝ።

«ማን ላከህ?»

አባቴ ነው አልኋቸው።

«እናቴን የቀበርኋት ዲያቆን ሳለሁ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ለአባትህ ሰምቻለሁ በለው» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ከክፍል ወሰዷቸው። ሁለት ካራቢኔሪዎች፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ በሩ ላይ ቆመው ስማቸውን ጠሩ፤ የኔታ የያዙትን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን አራገፉ፣ ውሻውም በዚያች ሰዓት ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ነበር፤ በአጠገቡ ሳይፈጥኑ አለፉ። ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም። ውበቱን አጎቱ ከቲያትሩ በወጣበት ምሽት ወደ አዲ አርቃይ ይዞት ወርዶ ስለነበር አላገኙትም። የኔታ ያልሄዱት መልእክቴን መንገድ ላይ ሊይዟቸው የተጠመደ ወጥመድ ነው ብለው ይሆን? ወይስ እሳቸው ከጠፉ ልጆቹን ይይዛሉ ብለው? ስንት ዓመት ሙሉ ገልብጬ አየሁት፤ «ሰምቻለሁ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። የሰፈሩ ሰው ግን ጥያቄ አልነበረበትም። የአስተርጓሚው ልጅ ሊያዙ አንድ ቀን ሲቀር እቤታቸው ሲገባ ታይቷል፤ አለቀ። ጫማው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮሎኔሉ በሰው ፊት ተታልሎ ማጨብጨቡን ማመን አፍሮ ይመስለኛል፣ ሽልማቱንም አላስቀረ፣ አባቴንም አልነካው። ልጆቹ በአዲሱ ጫማ ኮቴያቸውን እያሰሙ በቡድን በቡድን ሲሄዱ፣ እኔ እነሱ እስኪርቁ ግንቡን ተደግፌ እቆይ ነበር።

ጣልያን ሲወጣ አባቴን አልገደሉትም፤ ያን ያህል ትልቅ ባንዳ አልነበረም ተባለ። ሰላምታ ግን የሚሰጠው ሰው አልነበረም። ወደ ንግዱ ቢመለስ ዕቃውን የሚያምነው ጠፍቶ፣ ከቤታችን ጓሮ ጎመንና ሽንኩርት እየኮተኮተ ኖረ። እኔ ጎረምሳ ሆኜ በደም ፍላት አንድ ቀን፣ የተረጎምኸውን እኔ ሰምቻለሁ፣ አደባባይ ወጥቼ እናገራለሁ ብዬ ተነሣሁ። መኮትኮቱን ሳያቆም መለሰልኝ።

«የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ፤ አንተ ደግሞ ልጄ ነህ» አለኝ። «ተወው።»

ተውሁት። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው አንዲት ትንሽ ድንኳን አልሞላም። በሦስተኛው ቀን ግን ጠጉሩ የሸበተ ረዥም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባና ከጎኔ ተቀመጠ። ውበቱ ነበር። ስለ አዲ አርቃይ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራኝ ቆየና፣ ሰው ሲቀል ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያ ኮሎኔል ለምን እንዳጨበጨበ ዕድሜ ልኬን ሲገርመኝ ኖሯል፣ አባትህ ምን ብለው ነበር የነገሩት አለኝ። የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርሁት፤ የእሁዱንም መልእክት ጨምሬ ነገርሁት። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከዚያ የኔታ የጻፉትን ሙግት እናስታውስ ብለን ሞከርን፤ የመንገደኛው ክስ በግጥም ነበር፣ ሰውን ያሳቀ ግጥም፣ ከሁለታችን አንድ መስመር አልወጣም። ወረቀቱ ከቤታቸው ጋር ተበርብሮ ቀርቷል፤ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ ሞተዋል፤ የቀረነው እኛው ነበርን።

ሲሄድ እስከ አጥሩ ሸኘሁት። አባትህን ነፍሳቸውን ይማር ብሎኝ ጥቂት ራመደና ቆመ። ዞሮ አየኝ፤ ያን ዓይን ከዋንዛዋ ሥር አውቀዋለሁ።

«የምርህን ነው ግን?» አለኝ።

የምሬን ነው አልሁት። ራሱን ነቅንቆ ቁልቁለቱን ወረደ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በበዓል በበዓሉ ይጠይቀኝ ነበር፤ ክርስትናም ተነሣሥተናል፣ ሐዘንም ደስታም አብረን አይተናል። ያመነኝ ይሁን ያላመነኝ ግን ሳላውቅ ባለፈው ዓመት ቀበርሁት።