«ዛሬም ነከሰች»

የመዋዕለ ሕፃናቷን መምህርት ባልደረቦቿ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን የጠላችው አትመስልም ነበር። በየልጁ ቦርሳ ውስጥ ከቤት ትምህርት ቤት የሚመላለስ መገናኛ ደብተር አለ። ሌሎቹ መምህራን በሳምንት አንዴ «ደህና ነው፣ ደህና ናት» ብለው ይገላገላሉ። እሷ ግን በየቀኑ፣ ለሠላሳ ሁለት ልጅ፣ ሳትታክት ትጽፋለች። ምነው አበዛሽው ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል!»

በዚያ ዓመት የአንድ መስታወት ቆራጭ ልጅ ክፍሏ ገባች። አምስት ዓመቷ ነው። በር ጓ ካለ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ በእንቅልፍ ሰዓት ፍራሹን ታረጥባለች፤ አጠገቧ የደረሰውን ልጅ ሁሉ ትነክሳለች። ቀይ እስክሪብቶም ጻፈች። «ዛሬ ነከሰች።» «ዛሬም ነከሰች።» «አርጥባለች፤ ቤት ትመከር።» በተጻፈ ማግስት ልጅቷ ይብስባታል፤ ሲብስባት መምህርቷ ማስታወሻውን ታስረዝማለች። ሃያ ዓመት ያስተማረች ሴት ይህን ሳታይ ቀርታ ነው? አይታለች፤ የመሰላት ግን የጻፈችው እንዳነሰ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ደብተሩን ስትገልጥ አንዲት ትንሽ እጅ ገጹ ላይ አረፈች።

«ቲቸር፣ ዛሬ እንዳትጽፊ።»

«ለምን የኔ እመቤት?»

«አባዬ አንብቦ ሲጨርስ ቀበቶውን ይፈታል። አጭር ስትጽፊ ትንሽ ነው። ትናንት ረጅም ነበር።»

መምህርቷ ክው አለች። እጅጌዋን ሰብሰብ ብታደርግላት ክንዷ ሰንበር በሰንበር ሆኗል። ወዲያው ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ መሄድ ነበረባት፤ ይህ ጠፍቷት አይደለም። ነገር ግን ያን ሁሉ ገጽ ማን ጻፈው ሊባል ነው። አፈረች። አፍራም ቀላሉን መንገድ መረጠች፤ «ዛሬ ጎበዝ ነበረች» ብላ ጻፈች። በማግስቱም እንዲሁ። ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር መግባቷን አልተወችም፣ ፍራሹንም ማርጠቧን፤ ክንዷ ላይ ግን አዲስ ሰንበር አልታየም። መምህርቷም በብልሃቷ ኮራ ማለት ጀምራ ነበር።

ሁለት ወር እንዳለፈ አባትየው መጣ። ጣቶቹ በመስታወት የተጫጫሩ፣ ትሑት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው።

«ቲቸር፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት። እርስዎ ባይጽፉልኝ በምን አውቅ ነበር? እናቷ አረመኔ ነህ እያለች ታስቸግረኝ ነበር። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋት። ይኸው፣ ሁለት ወር ሙሉ ጎበዝ! ቀበቶ ሰው አደረጋት። አሁን እናቷም አምናለች፤ ታናሽየውንም ጀምሬዋለሁ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ሊሞላው ነው።»

ጎበዝ ያልኩት ውሸቴን ነው ብትለው ቀበቶው ዛሬውኑ ወደ ልጅቷ ይመለሳል። ዝም ብትል ሕፃኑ አለ። ሰውየው እጅ ነስቶ ወጣ።

መምህርቷም ወዲያው ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ገባች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ቀበቶውንም ሰንበሩንም የራሷንም ጽሑፍ አንድ በአንድ ተናገረች። ርዕሰ መምህርቷ ስልኩን አንስታ ለፖሊስ ለመደወል ስትዘጋጅ ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ ግን መቼ ነው ያወቅሽው?»