ቅቤውን የለየ አፍንጫ

ዛሬ፣ አያቴ ሲቀላ ሰፈር በከፈተው ሽቶ ቤታችን ውስጥ፣ ከጥርኝ የሚገኝ ዝባድ የታጨቀበትን ቀንድ ስከፍት ልጅነቴ አፈነኝ።

ያኔ አያቴ ከሁለት ቀንድ ዝባድ ነካ ነካ አድርጎ ሁለቱን እጆቼን ቀባኝና፣ «ለማጭበርበር ቅቤ የተቀላቀለበት የቱ ነው?» አለኝ። አሽትቼ ግራ እጄን ዘረጋሁለት።

«በቃ፣ ቤቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ!» ብሎ አቀፈኝ።

ሽቶ ስትቀምም ሳታገባ የቀረችው አክስቴ ግን እንባዋ መጣ። «ምነው ዛሬ ጉንፋን በያዘሽ ኖሮ!» አለችኝ። የቀናችብኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቼ አላውቅም።

ይህን ሳስብ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ቀንዱን አሸተተችና፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ቅቤ አለበት» አለችኝ።

አልተሳሳተችም።

«አፍንጫሽ ምንም አይረባም፤ ሂጂና አጥኚ» አልኳት።